በአክብሮት ያስተኛነው ሰው

ባለቤቴን ተሰማን መጀመሪያ ያመመው ከምሳ በኋላ ነው። ከቀኝ ጎድኑ ሥር ያዘውና ወደ ትከሻው ወጣ። "ብርድ ነው" አለ። ደብረ ብርሃን ላይ ሁሉም ነገር ብርድ ነው! ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ግን ክርክሩን ትቼ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኩት። የሐሞት ከረጢት ጠጠር ተገኘበትና ኦፕራሲዮን ተደረገ።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ። ከማደንዘዣው ሲነቃ ግን አላወቀኝም።

"ጥሩዬ" አለኝ። እኔ ወርቄ ነኝ፤ ጥሩዬ እህቱ ናት። ከሞተች ቆይታለች። ግሉኮሱን ሊነቅል ታገለ። ግድግዳው ላይ በግ አየሁ አለ። ፈራሁ። ነፍሱ ተርፋ ሰውዬውን ያጣሁት መሰለኝ።

ሐኪሙ አረጋጋኝ። "እማማ፣ ይህ ዴሊሪየም ይባላል። እብደት አይደለም። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ከኦፕራሲዮን በኋላ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ይሻላል። መነጽራቸውን ያድርጉላቸው፣ ቀን ቀን አያስተኟቸው፣ ያራምዷቸው።"

እሺ ብዬ ወጣሁ። ቤት ስንገባ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው መጣ። ተሰማ ስሜን ቢረሳም ወጉን አልረሳም፤ ሰው በገባ ቁጥር "ኖር!" ብሎ ሊነሳ ይሞክራል። እንግዳው ደግሞ "በማርያም አይነሱ!" እያለ ትከሻውን ይዞ መልሶ ያስተኛዋል። እኔም እግሩን በብርድ ልብስ እጠቀልላለሁ። ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋል። ሲነቃ እንደገና ጥሩዬ ነኝ።

ለቀጠሮ ስንመለስ አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት፣ የአካል እንቅስቃሴ የምታሠራ ባለሙያ፣ ደግፋ አቆመችው። ጉልበቱ ተብረከረከ።

"ማነው እንዲህ አስተኝቶ ያከረማቸው?" አለች።

"አገሩ ሁሉ" አልኳት። የእንግዶቹን ነገር ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ኮስተር ብላ፣ "ቁስላቸው ድኗል። ሊነሱ ሲሉ አይከልክሏቸው፤ ከጎን ሆነው ይደግፏቸው" አለችኝ።

ተሰማ ስፖርት ሥራ ሲባል እሺ የሚል ሰው አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ያለ ጉዳይ በእግር መሄድ አይገባውም። እንግዳ ግን ጉዳይ ነው። ስለዚህ ጎረቤቶቼ በየተራ እንዲመጡ ለመንኳቸው፤ በር ላይ ቆሜም "አይነሱ የሚል እንዳይገባ!" እላለሁ። አንዳንዱ ተቀየመኝ። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ "በሽተኛ የምታስነሳ ሴት!" ብላ አማችኝ፤ ከማንም በላይ የተመላለሰችው ግን እሷው ናት።

መጀመሪያ ከአልጋው ጠርዝ አላለፈም። ከዚያ ክንዴን ይዞ መቆም ጀመረ፤ ሲበረታ ደግሞ እንግዳ መሸኘት አማረውና እስከ በራፉ፣ እስከ አጥሩ፣ በኋላም እስከ አስፋልቱ ድረስ እየሸኘ፣ መንገድ ላይ የእንግዳውን ልጆች በስም እየጠየቀ፣ ሲሳሳት እየታረመ፣ ቀን ማንቀላፋቱን ትቶ ሌሊት ደህና ይተኛ ጀመር።

አንድ ጠዋት ከገበያ ስመለስ ከወንበሩ ብድግ አለ። "ኖር!" አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ ለእኔ ተነስቶ አያውቅም። እንግዳ መሰልኩት ብዬ ክው አልኩ።

"ማን ነኝ?" አልኩት።

"ወርቄ ነሻ! ለዚህ ሁሉ ሰው ስነሳ ከርሜ ላንቺ ልቀር ነው?"

ዘንቢሌን እንደያዝኩ ቆሜ አለቀስኩ።

ዛሬም አንዳንዴ ቃል ይጠፋዋል። ቢሆንም ተሰማ ተሰማ ነው። ሐኪሙንና ያችን ልጅ እግዜር ይስጥልኝ፤ እትዬ አስካለንም፣ ከነሐሜቷ። እናንተም በሽተኛ የምታስታምሙ፣ ሐኪሙ ተነሱ ካለ በፍቅር አታስተኙ። ልትጠይቁ የምትሄዱ ደግሞ ሲነሱላችሁ ዝም ብላችሁ ተቀበሉ። ሊሸኟችሁ ሲወጡም አትቸኩሉ፤ መንገዱን ለእነሱ ብላችሁ አርዝሙት።