የአቪስ ፔልኪ መስኮት

አቪስ ፔልኪ ከሠላሳ አንድ ዓመት የባንክ ሥራዋ ሃያ ስድስቱን ያሳለፈችው ከአንዲት መስኮት ጀርባ ነው። መስኮቷ በሕንጻው ጎን ናት፤ ደንበኛው ከመኪናው ሳይወርድ ቼኩን በመሳቢያ ይሰዳል፣ አቪስ ገንዘቡን በዚያው ትመልስለታለች። ውሻ ከያዘ ለውሻውም ብስኩት ይደርሰዋል።

ስትቀጠር ባንኩ የአሜሪካዋ ቬርሞንት ግዛት ገበሬዎች ነበር። ኋላ አየርላንዶች ገዙት። በዓመቱ የጎረቤት ከተማውን ባንክ ጨመሩ፣ ቀጥለው ከወንዝ ማዶ ያለውን፤ በአሥር ዓመት አርባ ቅርንጫፍ ደረሱ። ስሙ በተለወጠ ቁጥር አቪስ ስልክ ስታነሳ ምላሷ ይተሳሰራል። «ብቻ እኔ ያው አቪስ ነኝ» ትልና ወደ ጉዳዩ ትገባለች። ቅያሜ የላትም፤ ደመወዟን ጨምረውላታል፣ የሚያፈሰውን ጣሪያም አስጠግነዋል።

በዚያ መስከረም ግን ከባሕር ማዶ ደብዳቤ መጣ። የመኪና መስኮት ጥቅሙ ስላልገባቸው፣ ሰው ልከው አይተው ሊዘጉት አስበዋል። ከተዘጋ የአቪስ ዕጣ ምድር ቤት ወርዶ ወረቀት መደርደር ነው።

አርብ ዕለት ሰልፉ ረዝሞ ሳለ፣ በሁለት ፒክአፖች መካከል ኮት የለበሰ ሰው በእግሩ ቆሞ አየች። ተራው ሲደርስ ፈገግ አለ።

«ጌታዬ፣ ያለ መኪና አናስተናግድም» አለችው በማይክሮፎኑ።

«መኪና የለኝማ! በእግሬ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው በዋናው በር ይግቡ። የኋላው መኪና ቢገጭዎት ማን ሊጠየቅ ነው?»

ከኋላው ላም አርቢው ሜርል ታትሮ አንገቱን አወጣ። «አንተ ሰውዬ! እሷን ተከራክሮ የረታ የለም። ና ግባ፣ እኔ ላድርስህ!»

ሰውየው ለሦስት እርምጃ መንገድ ፒክአፕ ላይ ወጣ። የሜርል ውሻ ወዲያው ጭኑ ላይ ተጋደመች። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ፣ «እርስዎስ ለምን ወርደው አይገቡም?» ሲል ሜርልን ጠየቀው።

«በዚህ ቦት ጫማ? እበቱን አታይም እንዴ! አንዴ ብገባ አቪስ ምንጣፍ ስታጥብ ዋለች። ከኋላችን ያለችው ደግሞ መንታ ልጆቿን አስተኝታ ነው የመጣችው፤ ብትቀሰቅስባት ትገልሃለች።»

ሰውየው በሜርል ደረት ላይ አሳልፎ ካርዱን ሰጣት። ፊንባር ክራውሊ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ኮርክ ከተማ፣ አየርላንድ።

«ወይ ጉዴ!» አለች አቪስ። «አለቃዬን ነው ያባረርኩት!»

«ደንብ አስከበሩ እንጂ ምን አጠፉ።»

«መስኮቱስ?» ድምጿ ቀጠነ።

«አይዘጋም። እኛ ኮርክ ተቀምጠን የሰነፎች መስኮት ነው ስንል ነበር፤ ለካ ሰዎቹ ለምንጣፋችን አዝነው ኖሯል።»

«በል ውረድልኝ» አለ ሜርል፣ «ላሞቼ መታለቢያቸው ደርሷል።»

«እዚህ መስመር ላይማ ሰው አይወርድም!» አለች አቪስ፣ ሳቋ እየቀደማት። «ወስደህ ሌላ ቦታ አውርደው።»

ሜርልም ወሰደው፤ አለቃው የተመለሰው ላሞቹ ታልበው ካለቁ በኋላ ነው።