አሥራ አንድ ነው ያሉኝ ቀን

ሥራ ያስተማሩኝ መካኒክ አንድ ደንብ ብቻ ነበራቸው፦ ሳትፈታ አትናገር። ደንቡን ያወጡት በኔ አፍ የተነሣ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። መንግሥት በተለወጠ ማግስት ወታደሩ አባቴ ሥራ ፈትቶ ቤት ሲውል፣ እኔ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ወዳለው ጋራዣቸው ገባሁ። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር፤ አፌ ግን ሃምሳ ዓመት የሠራ ሰው አፍ ነው። ገና በሁለተኛው ሳምንት አንድ የድሮ የፈረንሳይ ናፍጣ ታክሲ መጣ። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ቆርቆሮ አነበብኩና «የቴስታታው ብሎን አሥራ አንድ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ቴስታታ የምንለው ብሎኩ ላይ እንደ ክዳን ተደፍቶ የሚታሰረውን የሞተር ክፍል ነው።

እሳቸው አልተቆጡም። አንዱን ብሎን አስፈቱኝና ከቀበቷቸው ላይ በሽቦ የተንጠለጠሉ ሁለት ዳዶዎች አወጡ፤ አንዱ የአሥራ አንድ ሚሊ፣ ሌላው የአሥራ ሁለት። ብሎኑ በአሥራ አንዱ አልገባም አለ። በአሥራ ሁለቱ ግን እየተሽከረከረ ወረደ።

«ቆርቆሮውን ማንም ነቅሎ ማንም ላይ ይለጥፈዋል» አሉኝ። «ሳትፈታ አትናገር፣ ልጄ።»

እነዚያ ሞተሮች ከውጭ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ብሎኮች የሚታሰሩት በአሥራ አንድ ሚሊ ብሎን ነው፣ የኋለኞቹ በአሥራ ሁለት። በመካከል የሚገባው ጋስኬትም ቀዳዳው በዚያው ልክ ይለያያል፤ ተሳስተህ ካዘዝክ ሳምንትህ ገደል ገባ። ሐረር ውስጥ ደግሞ የአንዱ መኪና ሞተር ሌላው ላይ ማደሩ የተለመደ ነው። ለዚህ ነው እሳቸው ብሎክ በለወጡ ቁጥር ጠርዙ ላይ በሹል ብረት ምልክት የሚመቱት፤ ለአሥራ አንድ አንድ ነጥብ፣ ለአሥራ ሁለት ሁለት። አንድ ጊዜ የተሰበረ እጃቸው በደንብ ስላልገጠመ ነጥቦቻቸው ሁልጊዜ ወደ ግራ ጋደል ይላሉ። «ከኔ በኋላ የሚፈታው ሰው እንዳይቸገር» ይሉ ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ለማያውቁት መካኒክ እንኳ ያስባሉ።

የራሴን ጋራዥ ስከፍት ሁለቱን ዳዶዎች ከነሽቦው ሰጡኝ። አላፍርም፣ አልቅሻለሁ።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። ከተማውን ባጃጅ ሞላው፣ እሳቸውም ሥራ አቁመው ከአሮጌዋ ናፍጣ መኪናቸው ጋር ብቻ ቀሩ። ጠዋት ጠዋት ግንብ ከከበበው ጁገል በእግራቸው ወጥተው የግንቡ በር ላይ ካቆሟት መኪና ጋር ይገናኛሉ፣ ባለቤታቸውን ጊደር መጋላ ገበያ ያደርሳሉ፣ ይመልሳሉ። አንድ ሐሙስ ታዲያ መኪናዋን እያስጨሱ እኔ ዘንድ መጡ። ቴስታታው ውኃ ይጥላል።

«ብሎኑ አሥራ አንድ ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። «ጋስኬቱን እዘዝ። ቅዳሜ ሳምንት ድሬ ጠያራ ሄደን የእትዬህን እህት እንጠይቃለን፣ ኢንሻአላህ።»

የዚያኑ ዕለት ልጃቸው ከድሬዳዋ ደወለልኝ። አባቱ መርሳት እንደጀመሩ፣ ባለፈው ጊደር መጋላ መኪናዋን ረስተዋት በእግራቸው ቤት እንደገቡ ነገረኝ። «ቁልፉን እንዳንወስድባቸው ከበዱን። አንተን ይሰማሉ። አንተ መንዳት ይበቃዎታል ካልካቸው ይበቃቸዋል።»

ደሜ ፈላ። «የሞተራቸውን ብሎን ልክ በቃላቸው ነገሩኝ እኮ!» አልኩት። «አንተ የመኪናህን ጎማ ቁጥር ታውቃለህ?» ስልኩን ዘጋሁና በአውቶቡስ እንዲላክልኝ አዲስ አበባ ደወልኩ። የአሥራ አንድ ጋስኬት አዘዝኩ። ሳልፈታ።

ጋስኬቱ በሳምንቱ ሐሙስ ደረሰ፤ ዓርብ ጠዋት ሞተሩን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ብሎን አውጥቼ የአሥራ አንዱን ዳዶ ብሞክር እምቢ አለ። ዳዶውን ሰደብኩት። ብሎኑን በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ ደግሜ ሞከርኩ። ከዚያ የአሥራ ሁለቱን አነሣሁ፤ እየተሽከረከረ ወረደ። የብሎኩን ጠርዝ በናፍጣ ጨርቅ ስጠርገው ከቅባቱ ሥር ሁለት ነጥቦች ወጡ። ወደ ግራ ጋደል ያሉ።

እኔ ከሄድኩ በኋላ በራሳቸው እጅ የለወጡት ብሎክ ነው፤ ጨርሶ ከሐሳባቸው ጠፍቷል። ሞረድ አነሣሁ፤ ነጥቦቹን ፍቄ ላጠፋቸው፣ የተሳሳተው የጋስኬቱ ሻጭ ነው ልላቸው። ሞረዱን ብረቱ ላይ አሳረፍኩት። የሳቸው ጽሑፍ ነው። አልቻልኩም።

ሞረዱን እንደያዝኩ እሳቸው ገቡ። ባለቤታቸው በር ላይ ቆሙ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ነጥቦቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ማሻአላህ፣ ይሄን ያሰበ ሰው! የማን እጅ ነው?»

«ሥራ ያስተማሩኝ ሰው እጅ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«አላህ ዕድሜ ይስጣቸው» አሉ ከልባቸው።

ቀጥለው የወጣውን ብሎን አንሥተው፣ እንደ ልማዳቸው፣ አሥራ አንዱን ዳዶ ሞከሩ። አልገባም። አሥራ ሁለቱን ሞከሩ። ወረደ። ብሎኑን ይዘው ቆዩ፤ የመጣውን ጋስኬት አዩ፣ ነጥቦቹን አዩ፣ በመጨረሻ የገዛ እጃቸውን አዩ።

«አሥራ አንድ ነው ብዬህ ነበር?»

«አዎ።»

«አንተም ሳትፈታ አመንከኝ?»

«አመንኩዎት።»

«ጅል» አሉኝና ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ቀን የወደድኳቸውን ያህል የገዛ አባቴን ወድጄው አላውቅም። ቀስ ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ የመኪናዋን ቁልፍ አወጡና መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ።

«ድሬ ጠያራ አንተ ትወስደናለህ» አሉ። በር ላይ ያሉት ባለቤታቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ትክክለኛው ጋስኬት እስኪመጣ ሌላ ሳምንት ጠበቅን። ከዚያ እኔ ነዳሁ፣ እትዬ ከኋላ፣ እሳቸው ከጎኔ። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ግራ እግራቸው ባዶውን ወለል ይረግጥ ነበር።