ውሃ የማይወድ ኮሸሽላ

ሰቆጣ ውስጥ ሰው በጓሮው ጎመን ይተክላል፣ ጌሾ ይተክላል፣ ቦታ ከተረፈው ቃሪያ ይጨምርበታል። የኔ እናት ኮሸሽላ ዘራች። ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር ድንጋዩን ለቅማ፣ መደብ አበጅታ፣ ዙሪያውን በካብ አጥራ፣ ሌላው ሰው ከማሳው ነቅሎ የሚጥለውን እሾህ እንደ ሽንኩርት በመስመር አበቀለችው።

በእርግጥ ተራ ኮሸሽላ አልነበረም፤ ቀበርቾ ነው። ገበያ ላይ ሥሩን ብቻ የሚያውቅ ሰው ቅጠሉን ቢያይ ኮሸሽላ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እኛም ቤት ስሙ ኮሸሽላ ሆኖ ቀረ። ሥሩ ለራስ ምታት፣ ለክፉ ዓይን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለአራስ ቤት ይጨሳል። እናቴ ዘሩን ከጋዝጊብላ ያስመጣችው ታናሽ እህቴ ወደ ጅቡቲ በሄደች በወሩ ነው። ልጄ ሠርታ ትመለሳለች፣ ታገባለች፣ ትወልዳለች፤ ያን ጊዜ ከገበያ የተገዛ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ሥር አላጨስላትም አለች። የቀበርቾ ሥር እስኪወፍር ዓመታት ይወስዳል፤ አንዴ ከተነቀለ ደግሞ ተክሉ አበቃለት። ስለዚህ እህቴ እስክትመጣ ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት ተባለ።

የነፍስ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጥተው መደቡን ሲያዩ ሳቁ። እሾህና አሜከላ ለአዳም የወጣ እርግማን ነው፣ አንቺ ደግሞ ከጋዝጊብላ ድረስ ታስመጪዋለሽ ብለው ቀለዱባት። እሷም እርግማን መሆኑን ለገበያተኞቹ ይንገሩልኝ አባ፣ ዋጋ እንዲቀንሱ ብላ መለሰችላቸው።

እኔ አልሳቅሁም። ከእህቴ በስምንት ዓመት እበልጣለሁ፤ አላገባሁም፤ ከእናቴ ጋር የቀረሁትም እኔ ነኝ። ራሴን ሲያመኝ ከዚያ መደብ አንዲት ቅንጣት ሥር ተቆርጣልኝ አታውቅም። ቅናት ነበረብኝ፤ ይህን ሳልናገር ሌላውን ብናገር ውሸት ይሆንብኛል።

ኮሸሽላ ማሳደግ እንደ ጎመን አይደለም። ፍግ ከበዛበት ቅጠሉ ብቻ ይንዠረገግና ሥሩ ቀጭን ይሆናል። በክረምት እሾሁ እጅ እየቦጫጨቀ ዙሪያውን ማረም ነው፤ ከዝናቡ በኋላ አናቱ እንደ ክር ኳስ ከብቦ ያብባል፣ ንብ ይሰፍርበታል፤ በበጋ ደግሞ ላዩ ይደርቃል። የመጀመሪያው በጋ ላይ ሞቷል ብዬ ነበር። እናቴ ግን ተኝቶ ነው፣ ሥሩ ከታች አለ፣ ውሃ እንዳትሰጪው፣ የተኛ ነገር ውሃ ሲነካው ይበሰብሳል ብላ አስጠነቀቀችኝ። ለነገሩ ማን ውሃ ሊሰጠው። በበጋ ቦኖው በፈረቃ ነው የሚከፈተው፤ ጀሪካን ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ፊቴን ለመታጠብ እንኳ የምሰስት ሰው ነኝ።

በአራተኛው ዓመት፣ ከገና በኋላ፣ እህቴ ደወለች። ወደ ዓረብ አገር ባሕሩን ልሻገር ነው፣ ለተወሰነ ጊዜ ስልክ አይኖረኝም፣ እንዳትጨነቁ አለች። በዚያው ሳምንት እናቴ የቀኝ ዓይኗን ሞራ አስገፈፈች። ግራው ከጠፋ ቆይቷል። ሐኪሙ እንዳታጎነብስ፣ ጭስና ፀሐይ እንዳያገኛት፣ ዓይኗን እንዳታሽ አዘዘ። ጥቁር መነጽር አድርጋ ጓዳ ተቀመጠች፤ ጓሮው ለኔ ተለቀቀ።

ከጥምቀት ሦስት ቀን በኋላ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ከእህቴ ጋር ተሳፍሮ የተረፈ የጋዝጊብላ ልጅ ደውሎላቸው ነበር። ጀልባዋ ተገልብጣለች። ከጥምቀት ዋዜማ በፊት በነበረው ቀን ነው፤ እህቴ ስትሰምጥ በዓይኑ አይቷል። አጎቴ ተንሰቅስቀው አለቀሱ፤ ከዚያ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ለእናቴ እንዳይነገራት ወሰኑ። አሁን ካለቀሰች የቀረቻት ዓይን ትጠፋለች፣ መርዶው ከፋሲካ በኋላ ይሁን አሉ። እንዳይሰማባትም ፍትሐት አይደረግ፣ ለቄስም አይነገር አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም።

እናቴ በየማታው አንድ ነገር ትጠይቀኛለች፦ ስልክ አልተደወለም? አልተደወለም እላለሁ። እውነት ነው፣ አልተደወለም። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ባሕሩን በሰላም አሻግሪልኝ ብላ ማርያምን ትለምናለች። ለእህቴ ጤና ጧፍ ተስላ ነበርና ገዝቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን የማደርሰውም እኔው ነበርሁ። አጠገቧ መቀመጥ አቃተኝ። እጄ ሥራ እንዲይዝ ብዬ ወደ ጓሮ እወጣለሁ፤ በጓሮው ውስጥ የእህቴ የሆነ ነገር ኮሸሽላው ብቻ ነበር። መጀመሪያ አንድ ጣሳ ውሃ አፈሰስሁበት። በማግስቱ ሁለት። ከዚያ ጧትና ማታ ሆነ። እንደማይወድ አውቃለሁ፤ ተነግሮኛል። ግን ውሃው ወደ መሬቱ ሲሰርግ እያየሁ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። ጾሙ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ከቦኖው ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሦስት ጀሪካን ሙሉ አጠጣሁት። ጎረቤቴ ይህቺ ልጅ አበደች እንዴ ስትል ሰማሁ።

ሆሳዕና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናቴ መነጽሯን አውልቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጓሮ ወጣች። ዓይኗ ድኖ ነበር፤ ካቡ ላይ ያለውን እንሽላሊት አይታ ሳቀች። ከዚያ መደቡን አየችው። በዚያ በጋ፣ ሁሉ ነገር አመድ በመሰለበት ወቅት፣ አፈሩ ጥቁር ነበር፤ ዳር ዳሩ ሻግቷል። ሳልከለክላት ጎንበስ ብላ አንዱን ደረቅ ግንድ ያዘችና ሳብ አደረገችው። ምንም ሳይታገላት ተነቅሎ መጣ። ሥሩ ልሟል፣ ይሸታል። ሁለተኛውንም ነቀለች፣ ሦስተኛውንም። እስከ መስመሩ መጨረሻ ስትደርስ ጠንክረው የቀሯት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን የበሰበሰውን ሥር በመዳፏ እንደያዘች ካቡ ላይ ተቀመጠችና በየስንት ቀኑ እንደማጠጣው ጠየቀችኝ። በቀን ሁለት ጊዜ አልኳት።

"ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። ያንቺን ውሃ አወጣው" አለች። ከዚያ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ "ልጄ መቼ ነው የሞተችው?" አለችኝ።

ነገርኳት። አላለቀሰችም። አጎቴን እንድጠራና ማወቋን እንዳልነግራቸው አዘዘችኝ። እንደ ሰው ወግ መጥተው ይንገሩኝ፣ ዛሬ ብቻዬን ካለቀስሁ ነገ ከሰው ጋር የማለቅሰው አይኖረኝም አለች። ያን ሌሊት ሁለታችንም ጎን ለጎን ተኝተን፣ እንቅልፍ እንዳልወሰደን እየተዋወቅን ነጋ። ዓይኗ ድኗል፣ ፋሲካን አንጠብቅ ብዬ ያሳመንኳቸው አጎቴ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው ጎህ ሲቀድ መጡ፤ እታለም ጠንከር በይ ብለው ገና ሲጀምሩ እናቴ እሪ አለች። ለወጉ ታስመስላለች ብዬ የፈራሁት እኔ ነኝ። እንደዚያ ያለ ጩኸት አይመሰልም።

ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሁሉ ሲበታተን እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ ያበጠች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ ከጥምቀት ወዲህ ያሉትን ቀኖች በጣቷ ትቆጥር ጀመር። ደጋግማ ቆጠረች።

"አርባዋ አልፏል" አለች።

"አልፏል።"

"ሰው ሁሉ ለሞተበት ያስፈታል፣ ይመጸውታል። እኔ ለሞተች ልጅ ጤና እየለመንሁ አርባዋ አለፈ። አንቺ ታውቂ ነበር። በአርባዋ ቀን ምን አደረግሽላት?"



"ኮሸሽላውን አጠጣሁ" አልኳት። "ሦስት ጀሪካን።"

ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። ከእንስራው በጣሳ ውሃ ቀዳች፤ ወደ ጓሮ ወጣችና በቀሩት በሁለቱ ሥር ቀስ እያለች አፈሰሰችው። ተመልሳም ደገመች። እንደሚበሰብሱ ከኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ሦስተኛውን ጣሳ እኔ ቀዳሁላት።