የአባቴ ቴሌግራም በእኔ ስልክ

ከቡሬ በወጣሁበት ዋዜማ፣ መግሪብ ተሰግዶ እራት እስኪቀርብ ድረስ፣ እኔና አባቴ በርበሬ መጋዘናችን ውስጥ ተቀምጠን አዲስ ስልክ እንነካካ ነበር። ስልኩን የገዛሁላቸው እኔ ነኝ። ወደ ጀርመን የምሄደው የአረጋውያን እንክብካቤ ልማር ነው፤ አባቴ ደግሞ መጻፍ ስለማይወዱ በድምፅ መልእክት እንዲልኩልኝ ብዬ ቴሌግራም ከፈትኩላቸው። መጀመሪያ በእኔ ስልክ ከፍቼ አሳየኋቸው፣ ከዚያ በእሳቸው። ከእኔው ላይ መዝጋቱን ረሳሁት።

ብረሳውም ያኔ ምንም አልመሰለኝም። እኛ ከተማ ሞባይል ቤት ሄዳችሁ አካውንት ብታስከፍቱ ባለሱቁ የይለፍ ቃሉንም ራሱ ይመርጥላችኋል፤ ከረሳችሁት ደግሞ ከሱቁ ደጅ ሆኖ መንገድ ተሻግሮ እስኪሰማ ድረስ ጮኾ ይነግራችኋል።

ከጎናችን ከሽንዲ የመጡ ገበሬዎች ለነገ ገበያ ያሳደሯቸው ጆንያዎች ነበሩ። አባቴ ሰው አደራ ያለውን ጆንያ አይፈቱም። ገዢ መጥቶ «ሐጂ፣ እስቲ ቀለሙን ብቻ ልየው» ቢላቸው እንኳ፣ ባለቤቱ ይምጣና ይፍታው ይላሉ። በዚህ ምክንያት ስንቱ ገዢ ተቀይሟቸው ሄዷል። እኔም ግትርነት ነው እያልኩ እናደድባቸው ነበር።

እንግዲህ ጀርመን መጣሁ። እዚህ በርበሬ ብለው የሚሸጡት ቀለም ብቻ ነው፤ ጣሳውን ሙሉ አፍንጫችሁ ሥር ብትይዙት አንድ ጊዜ አያስነጥሳችሁም። ዝናቡም እንደ እኛ ሐምሌ ወርዶ አይወጣለትም፤ ቀኑን ሙሉ ያካፋል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሰው ስለ ሰው አለመጠየቁ ነው። አንድ ጠዋት ከላይ ፎቅ የሚኖሩትን ሽማግሌ አምቡላንስ ወሰዳቸው። ቡሬ ቢሆን ፀሐይ ሳትበረታ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ቤት ደጅ ይገኝ ነበር። እኔም ዳቦ ጋግሬ አከራዬ ፍራው ቤከር ዘንድ ወረድኩና ሰውዬው ምን እንዳገኛቸው፣ የት እንደተኙ ጠየቅሁ።

«ዳተንሹትዝ» አሉኝ። የግል መረጃ ጥበቃ ማለት ነው።

«መረጃ አልፈልግም፣ በሽተኛ ልጠይቅ ነው» አልኳቸው።

«በሽታው መረጃ ነው።»

«ዳቦውስ?»

ትንሽ አሰቡና ዳቦውን ተቀበሉኝ። ማን እንደበላው እስካሁን አላውቅም፤ እሱም መረጃ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ ሲገባኝ ግን ይበልጥ ያመራምረኝ ጀመር። እዚህ ሕመሙን የሚያውቀው ታማሚውና ሐኪሙ ናቸው። እኛ ዘንድ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የሚደበቀው ሩቅ ካለ ልጅ ብቻ ነው፣ በሰው አገር ሆድ እንዳይብሰው ተብሎ። ሁለቱም ለሰው በማሰብ ነው የሚደብቁት። የትኛው ይሻላል እያልኩ ስንት ቀን በአውቶቡስ ውስጥ አስቤያለሁ።

ባለፈው ሳምንት እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ስልኬ ብልጭ አለ። የአባቴ ቴሌግራም ነው። እሳቸው መደወል ይቀናቸዋልና፣ ያ አካውንት በእኔ ስልክ ላይ መኖሩን ከነጭራሹ ዘንግቼዋለሁ። መልእክቱን የላከላቸው ወንድሜ ከድር ነው፦ «አባባ፣ የባሕር ዳሩ ሐኪም ውጤቱን ልኮታል። ለመዲና እንዳንነግራት።» ከሥሩ አንድ ፎቶና አንድ የድምፅ መልእክት አለ። መዲና እኔ ነኝ።

አባቴ ባሕር ዳር ድረስ ሐኪም ዘንድ መሄዳቸውን አላውቅም ነበር። ፎቶውን አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነበር የቀረኝ፣ ሁሉንም አውቀው ነበር።

አልነካሁትም። በማግስቱ ትምህርት ቤት የታማሚን ምስጢር ስለመጠበቅ የምታስተምረንን መምህር፣ የጓደኛዬ ጉዳይ ነው ብዬ፣ ስልኳ ላይ የገባውን የአባቷን የሐኪም ውጤት መክፈት ትችላለች ወይ ስል ጠየቅኋት። አባትየው ፈቅደዋል ወይ አለችኝ። አያውቁም አልኳት። እንግዲያ አይቻልም አለች። አባቷ እኮ ናቸው ብላት፣ አባቷም የራሳቸው ምስጢር አላቸው አለችኝ። የፈረንጅ ሕግ ነው ብዬ የአገሬን ፈለግሁ። እኛም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ አለን፤ ያለ ፈቃድ የሌላ ሰው ሥርዓት ውስጥ መግባት ያስቀጣል ይላል። የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅም ወጥቷል። ሳነበው ሳቄ መጣ፤ በዚህ ሕግ ከሄድን ከቡሬ ሞባይል ቤቶች ስንቱ ይተርፋል? ከዚያ ግን ያን መጋዘን አስታወስኩና ሳቁ ጠፋብኝ።

ለአባቴ ደወልኩ። እንደ ሰሞኑ ልማዱ ከድር አነሳና ኔትወርክ የለም ሊለኝ ሲል አባባን ስጠኝ አልኩት።

«አባባ፣ የእርስዎ ቴሌግራም እኔም ስልክ ላይ ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ከሐኪም ዘንድ የመጣ ነገር አለ። ላንብበው?»

ከኋላቸው የጋሪ ድምፅ ይሰማኛል።

«አላየሽውም?»

«የከድርን ጽሑፍ ብቻ ነው ያየሁት። ሌላውን አልከፈትኩም።»

«ምነው?»

«ባለቤቱ ሳይኖር አይፈታም ሲሉ ነው ያደግሁት።»

ሳቁ፣ ሳቃቸው ሳል ሆነ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የኔ ልጅ፣ እኔም እስካሁን አላስነበብኩትም። ሐሙስ ባሕር ዳር ሄጄ ከሐኪሙ አፍ እሰማዋለሁ ብዬ ነው። አንቺ ከእኔ ቀድመሽ እንድታውቂው አልፈልግም። ዝጊልኝ።»

«ከዚያስ ይነግሩኛል?»

«ጁምዓ ሰግጄ ስወጣ እደውልልሻለሁ፣ ኢንሻአላህ። ከድርን አትጠይቂው። ጥያቄ ካለሽ እኔን ነው።»

እሺ ብዬ ከአካውንታቸው ወጣሁ። ስልኩም ተመልሼ ልግባ ብል የማረጋገጫ ቁጥር ወደ አባቴ ስልክ እንደሚልክ ነገረኝ። ቁጥሩ የሚገባው ቡሬ፣ አባቴ ኮት ኪስ ውስጥ ነው።

ዛሬ ጁምዓ ነው። ቡሬ ሶላቱ ካበቃ ቆይቷል። እኔ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ይህን እጽፋለሁ፤ እስካሁን አልደወሉም።