አጭሯ መርፌ

ልጄ ዩኒቨርሲቲውን አቋርጣ ከወጣች በኋላ ከእኔ ጋር የምታወራው ስለ አየሩ ብቻ ነበር። በረዶ ሲጥል ትደውላለች፣ መንገዱ እንዴት ነው ትለኛለች፣ ጥሩ ነው እላለሁ፣ ትዘጋለች። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እዚህ አልከራከርም። ትምህርት የጀመረ ሰው ይጨርስ ብዬ ነበር፤ አሁንም እላለሁ።

ግንቦት ላይ ግን ሆፕኪንስ ያለው አፓርታማችን ድረስ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ በር ላይ ቆማ፣

«አባዬ፣ ያ አሮጌ መኪናህ አሁንም ይሠራል?» አለችኝ።

«ዘይቱን ባለፈው ሳምንት ቀይሬዋለሁ። ምን ሆንሽ፣ ያንቺ ቆመ?»

ሳቀች። የስፌቱን መኪና ማለቷ ነበር።

ከድንኳን ሸራ ቦርሳ ትሰፋለች። ማንገቻውን ከተጋጩ መኪኖች ከሚፈታ የወንበር ቀበቶ ነው የምትሠራው። ፕላስቲክ የሆነው የስፌት መኪናዋ ወፍራሙን ሸራ መብሳት አቅቶት ሞተሩ ተቃጥሏል። የበጋው የቅዳሜ ገበያ ላይ ቦታ ይዛለች፤ ቦርሳዎቹ ተቆርጠዋል፣ አልተሰፉም።

«ካልሆነም ኢትስ ፋይን» አለችኝ።

ይህችን ቃል አውቃታለሁ። ዩኒቨርሲቲውን ስትተውም ያለችው ይህንኑ ነው። ልጄ ኢትስ ፋይን ካለች ነገሩን ጨርሳ ትታዋለች፤ ሰውየውንም ጭምር። እኔን ደግሞ አንድ ነገር ከጠየቀችኝ ዓመታት አልፈዋል።

«ይሠራል» አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም። መርፌ ካገኘ ይሠራል።

ችግሩ መርፌው ነበር። መኪናውን የገዛነው ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው፤ ሴንት ሉዊስ ፓርክ የሚባለው ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ ሞቶ ቤተሰቡ ዕቃውን ጋራዥ ውስጥ ሲሸጥ። ሁለት ነበሩ፣ መንትያ፣ ጥቁር ብረት፣ የፋብሪካው ስም ከአንገታቸው ላይ ተፍቆ የጠፋ። አብሯቸው መርፌ የሞላ መሳቢያ መጣ። ፍሮግታውን ሰፈር ባለው የወንድሜ ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸውና ከሥራ ስንወጣ የሰው ዩኒፎርምና ቀሚስ እናሳጥር ነበር።

የተጣላነው በመዘምራን ቀሚስ ነው። የአንዱ ቀሚስ ጠርዝ ጠሞ ተገኘ። የመዘምራኑ ኃላፊ ቤዝመንቱ ድረስ ወርዶ ሲጠይቅ፣ ወንድሜ እኔ ቆሜ እየሰማሁ «የታናሼ እጅ ነው፣ ይቅርታ አድርጉለት» አለ። ስፌቱ የእሱ ነበር። የዚያኑ ቀን መኪናዬን ተሸክሜ ወጣሁ። ወንድም ጋሼ ማለትም ያን ቀን ቀረ። መሳቢያው እሱ ዘንድ ነበር፤ ተመልሼ አልጠየቅኩም። እኔ ጋ የነበሩት ጥቂት መርፌዎች አለቁና የመጨረሻዋ ተሰበረች። ከዚያ ወዲህ መኪናው ሶፋ ኋላ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ልጄ በጠየቀችኝ ማግስት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሄጄ አሥራ ስድስት ቁጥር መርፌ አልኩ። ሻጯ ለምን ዓይነት መኪና ነው አለችኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አሥራ ስድስት አልኩ። አዲስ አበባ ልብስ ሰፊ ቤት ሳድግ መርፌ የሚጠየቀው በቁጥር ነው፤ ሻጩም ሌላ ነገር አይጠይቅም። ሰጠችኝ።

ልጄ መጥታ ተቀመጠች። ሸራውን አስገባች፣ መዘውሩን አዞረች። መርፌዋ አንዴ ወርዳ ቀጭ አለችና ስባሪዋ በጉንጯ በኩል በረረ።

«ጨርቁን አትጎትቺ! መኪናው ራሱ ይወስደዋል።»

«አልጎተትኩም።»

«አይቼሻለሁ።»

«አባዬ፣ እጄ ጨርቁ ላይ አልነበረም።»

አስነሥቼ ራሴ ተቀመጥኩ። ሁለተኛዋም ተሰበረች። ያኔ ያቺን የመጨረሻ አሮጌ መርፌ ፈለግኩ፤ ስባሪዎቿን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬ ነበር። ገጣጥሜ ከአዲሷ አጠገብ አስተኛኋት። አሮጌዋ በስንዴ ቅንጣት ያህል ታጥራለች። አናቷም ድብልብል ነው፤ የአዲሷ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ለካ ቁጥሩ የሚናገረው ውፍረቷን ብቻ ነው። ቁመቷንና የአናቷን ቅርጽ አይናገርም። አገር ቤት ሱቁ ውስጥ የነበረው አንድ ዓይነት ብቻ ስለሆነ ቁጥር ይበቃን ነበር። እዚህ ረጅሟ መርፌ ወርዳ የታችኛውን ክር የሚይዘውን መወርወሪያ ትመታለች፣ ትሰበራለች።

«መርፌዋ ረጅም ናት» አልኩ።

«ስለዚህ እኔ አይደለሁም።»

«መርፌዋ ረጅም ናት አልኩሽ።»

ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ፍለጋ ገባሁ። ለአንድ የስፌት መኪና ጠጋኝ ስልክ ላይ ስለ መርፌዋ ነገርኩት፤ እንዲህ ያለ መርፌ ካየሁ ብዙ ዘመኔ ነው፣ መኪናውን የአበባ ማስቀመጫ አድርገው አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ኢንተርኔት ላይ «ለማንኛውም አሮጌ መኪና ይሆናል» የሚል አገኘሁና ኦርደር አደረግኩ። የመጣው ያው ረጅሙ ነው። ለሁሉም ይሆናል ብሎ የሚሸጥ ሰው ዕቃውን አያውቀውም፣ ወይም አውቆ ይዋሻል፤ ሦስተኛ ነገር የለም። በመጨረሻ የአንዷን አናት በሞረድ ሞርጄ አሳጠርኳት። አንድ ስንዝር ያህል ቀጥ ብላ ሰፋች። ከዚያ ጠፍጣፋ ጎኗ ከብሎኑ ሥር ተንሸራተተና መወርወሪያውን ቧጠጠችው። ጭረቱን በጥፍሬ ዳሰስኩት። ሌላ ሙከራ ቢደገም መወርወሪያውም ይሄዳል።

በሞረዱ ስታገል ልጄ ተመልሳ መጥታ ቆማ ስታይ ነበር።

«ጋሼ ጋ እኮ መሳቢያ ሙሉ አለ» አለች። ጋሼ የምትለው ወንድሜን ነው።

«ማን ነገረሽ?»

«ራሱ። እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ እኮ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ከእኔ ጋር ስለ በረዶ፣ ከእሱ ጋር ስለ ሁሉም ነገር።

«ከዚያ ቤት መርፌ እዚህ አይገባም» አልኩ።

«የማን መርፌ እንደሆነ መርፌዋ አታውቅም» ብላ ሄደች።

ማታውኑ ከእሱ ቤት ደወለች። የወንድሜ ቤዝመንት ውኃ ገብቶበት የእሱ መኪና ዝጎ ደርቋል። መርፌ አለው፣ የሚሠራ መኪና የለውም። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ከወንድሜ ጋር አገናኘችኝ።

«መርፌውን ለልጅቷ ስጣትና ትምጣ» አልኩ።

«መርፌ ከዚህ ቤት አይወጣም። መኪናውን አንተ አምጣ።»

«ምን በወጣኝ?»

«አንተ እጅ ከገባ በሞረድ ትጨርሰዋለህ። ነግራኛለች።»

«የመዘምራኑን ቀሚስ ካጣመመ ሰው ምክር አልፈልግም።»

«ያንተ እጅ ነው! ሁልጊዜ ወደ ግራ ትሄዳለህ። እናታችንም ታውቃለች።»

«እናታችንን ከመቃብር አታስነሣት።»

«እንግዲህ እኔ አለሁ፣ እሷ የለችም፣ አንተ ደግሞ መርፌ የለህም።»

ልጄ ጣልቃ ገባች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ገበያው ቅዳሜ ነው። ካንስል አደርገዋለሁ። ኢትስ ፋይን።»

ስልኩ ተዘጋ። ሚስቴ ከወጥ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታ ነበር። «ብረቱን ብታቅፈው ይሞቅሃል?» ብላኝ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ከሥራ በፊት ብርድ ልብሱን ገፍፌ መኪናውን አነሣሁት። ተሸክሜው ደረጃውን ወርጄ ወንድሜ ቤት ወሰድኩት። ወንድሜ የኋላውን በር ከፍቶ ቆሟል። ሸምግሏል። ይህን ለማለት የማልፈልገው እኔም መሸምገሌን ስለሚያስታውሰኝ ነው።

«በዚህ በኩል ልያዝልህ?» አለ።

«አያስፈልግም።»

«እንደወደድክ። ደረጃውን ግን ብትሰብረው ትሠራዋለህ።»

ልጄ እዚያው አድራ ታች ትጠብቀን ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቤዝመንቱ አሁንም የውኃ ሽታ አለው። መሳቢያውን አመጣና አንዲት መርፌ መዝዞ ልጄ መዳፍ ላይ አኖራት፣ እኔ እጄን ዘርግቼ እያለ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ቡና ጠጣ አላለኝም። ቢለኝም አልጠጣም ነበር። ስወጣ ግን ከኋላዬ መኪናው ሲነሣ ሰማሁት፤ ያ ወፍራም ድምፁ፣ ሳያቅማማ ሸራውን ሲበሳ።

በዚያ ሳምንት ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ልጄን እጠብቃት ነበር። አልገባም። ከቤቱ ኋላ ባለችው ጠባብ መንገድ ሞተሩን አጥፍቼ እቀመጣለሁ። የቤዝመንቱ መስኮት መሬት ጋ ነው፤ አንዳንዴ የእሱን እግር አያለሁ፣ ወዲህ ወዲያ ሲል። መጥቶ አያናግረኝም። አንድ ቀን መጋረጃውን ዘጋው። የሰው ቤት አጮልቄ አላይም፤ መጋረጃ የሚያስፈልገው ለሌባ ነው። ግን አልሄድኩም።

ዓርብ ማምሻውን ልጄ የተጨረሰ ቦርሳ ይዛ ወጣች። መስታወቱን እንዳወርድ ምልክት ሰጠችኝና በመስኮቱ አቀበለችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ስልኳን ትነካካለች፤ ግን ቆማለች፣ ፍርዴን ትጠብቃለች።

ማንገቻውን በሁለት እጄ ሳብኩት። ያዘ። ጠርዙን በጣቴ ተከተልኩት። ቀጥ ያለ ነው፣ እኔ ከምሰፋው የማይተናነስ። ይህን አልነገርኳትም። አንዱ ማዕዘን ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«እዚህ ጋ አንድ ስፌት ዘሎብሻል።»

«ጋሼም እዚያው ጋ ነው ያለኝ።»

 ከዚያ ቦርሳውን ገልብጬ ውስጡን ማየት ጀመርኩ። ብርሃኑ እየደከመ ስለነበር የጣሪያውን መብራት አበራሁ። ከታች፣ ሁለቱ ስፌቶች የሚገናኙበት ቦታ፣ ክሩ መጨረሻው ላይ ሳይቋጠር ቀርቷል። ቦርሳው ዕቃ ሲሞላ መተርተር የሚጀምረው ከዚያ ነው።

«ይሄንንስ አይቷል?»

አጎንብሳ አየችው። ስልኳን ኪሷ ከተተች።

«አላየም።»

«ሂጂ አሳዪው» አልኳት። «ከዚያ ቋጥሪው።»