የአምቦ ልጅ በራግቢ ሜዳ

ከአምቦ የወጣሁት ገና ሳይነጋ በመጀመሪያው አውቶብስ ነው። ቤታችን ሰው ሲገባና ሲወጣ አድሯል። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጸለዩልኝ፣ ጎረቤት መረቀኝ፣ እናቴ ሻንጣዬን ስትፈታና ስታስር አነጋችው። አባቴ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቁስል ሲያጥብ የኖረ ሰው ስለሆነ ወሬ አያበዛም። መናኸሪያው ድረስ ሻንጣዬን ይዞልኝ መጥቶ «ሌንሴ፣ እህትሽን ስሚ። ናጋን ዴሚ» አለኝ። በሰላም ሂጂ ማለቱ ነው። ፊቱን አዙሮ ሄደ፤ እኔም ለቅሶዬን ጀመርኩ።

ጊንጪ ስንደርስ ነጋ። የጤፉ ማሳ ቢጫ ሆኖ እስከ ተራራው ሥር ተዘርግቷል፤ እኔ ግን አሁንም አላቆምኩም። አጠገቤ የተቀመጡ የእህል ነጋዴ ሴትዮ አላስችል ብሏቸው «ምነው ልጄ፣ ለቅሶ ነው የምትሄጂው?» አሉኝ።

«አይደለም እማማ፣ አውስትራሊያ ነው።»

«እሱ ደግሞ ሆለታን አልፎ ነው?»

«አዎ፣ ትንሽ ያልፋል።»

«እንግዲያው ምን ያስለቅስሻል? ሲናፍቅሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጫለሽ።» እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ሲድኒ አየር ማረፊያ ስደርስ አንድ ነጭ ፈታሽ ሻንጣዬን አስከፈተና እናቴ የሠራችልኝን ጩኮ አወጣው። አሸተተው፣ ገለበጠው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ገብስና ቅቤ ነው። ይበላል።»

«ቅቤው ከየትኛዋ ላም የመጣ ነው?»

«ከአክስቴ ላም።»

«ላሟ በሽታ አለባት?»

«ስንሰነባበት ደህና ነበረች።»

ሰውዬው ሳቁ አመለጠው፤ ጩኮውን ግን አልማረውም፣ ከነዕቃው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው። የእናቴ ልፋት በውጭ አገር የገጠመው የመጀመሪያው አቀባበል ይኸው ነው።

ያስመጣችኝ ታላቅ እህቴ ጫልቱ ናት። ነርስ ናት፤ ከቶንጋ ደሴቶች የመጡ ማማ ሴላ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ ጓሮ ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። እኔም አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። አገሩ ጥሩ ነው፤ ግን ሰላምታቸው አጭር ነው። እኛ ጋ «አካም ጅርታ» ካሉ በኋላ ልጁ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ሁሉም ይጠየቃል። እዚያ መልሱን ሳይሰሙ ያልፉሻል። ጋዝ ያለው ውሃቸው እንኳ እንደ አምቦ ውሃ አፍንጫ አይነካም።

ማማ ሴላ ግን ለሰላምታ ከቆሙ ቆሙ ነው። በር የሚሞሉ ትልቅ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ድንች ሲልጡ አገኘኋቸው።

«አገርሽ ምን ትጫወቺ ነበር?»

«የእጅ ኳስ። ለትምህርት ቤቴ እስከ ባኮ ሄጄ ተጫውቻለሁ።»

ያዢ ሳይሉኝ ድንቹን ወረወሩት። በአንድ እጄ ቀለብኩት።

«ቅዳሜ ሜዳ ትመጫለሽ» አሉኝ፤ ይህን ያሉት የቤት ኪራይ በሚጠይቁበት ድምፅ ነበር።

ለካ ሴቶችን ራግቢ ሊግ የሚባል የኳስ ጨዋታ የሚያሠለጥኑ ናቸው። ዓለም አቀፍ ውድድር ከተማችን ውስጥ ሊካሄድ ነው፤ ከየደሴቱ ቡድን ይመጣል፤ እሳቸውም ከሱዳን፣ ከሊባኖስ፣ ከፊሊፒንስ ከመጡ ሴቶች አንድ ቡድን ያሰባስባሉ። አሥራ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንድ ጎድሏቸው ነበር።

ጫልቱ ስትሰማ እንጀራዋን ትታ ተነሣች። «አባዬ አደራ ያለኝን ረሳሽው? አጥንትሽ የእኔ አደራ ነው። ደግሞ የአማኝ ልጅ ጭኗን አሳይታ ሣር ላይ ትንከባለላለች?»

«ከውስጥ ረጅም ሱሪ እለብሳለሁ።»

«አጥንትሽንም ሱሪ ታለብሺዋለሽ?»

ቅዳሜ ሄድኩ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ኳሱ እንደ እንቁላል ሾጠጥ ያለ ነው። ይዘሽው ወደ ፊት ትሮጫለሽ፤ በእጅ ማቀበል ግን ወደ ኋላ ብቻ ነው። ስድስት ጊዜ ከጣሉሽ ኳሱ የእነሱ ይሆናል። የእጅ ኳስ የለመደ እጅ ወደ ፊት ነው የሚያቀብለው፤ ፊሽካ ሳይነፋብኝ የዋልኩበት ቀን አልነበረም። ንዴቴ ሲበዛ ለራሴ በኦሮምኛ «ዱባ፣ ዱባ» እያልኩ መጮህ ጀመርኩ፤ ወደ ኋላ ማለት ነው። ሱዳኗም ሊባኖሷም ያዙት። ቡድኑ በሙሉ «ዱባ» እያለ ሲቀባበል፣ አንድ ሊያይ የመጣ የጎንደር ልጅ «ቆይ፣ አሸናፊው የሚሸለመው ዱባ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ውድድሩ የዋለው በእኛ ክረምት፣ በእነሱም ብርድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፍን፤ ማማ ሴላ ግን ብርቱካን እያደሉ ይዘፍኑ ነበር። የመጨረሻው ከቶንጋ ጋር ሆነ፤ ከገዛ አገራቸው ልጆች ጋር። ቀና ብዬ ሳይ ጫልቱ ከነሥራ ልብሷ ተመልካቾች መካከል ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ የፋሻ ቦርሳ ይዛለች።

ቶንጋዎቹ ማሌ የምትባል ተጫዋች ነበረቻቸው። ኳስ ይዤ ዳር ዳሩን ስሮጥ ወገቤን አቅፋ እንደ ነዶ አነሣችኝና መሬት ላይ አስተኛችኝ። አየሩ ከውስጤ ወጣ። ጣቴም ወለቀ፤ ያነሣችኝ ራሷ ማሌ ናት። ጫልቱ ሜዳ ዳር ደርሳ ጣቴን ያዘች፣ ጎትታ መለሰችው፣ ከጎኑ ካለው ጣት ጋር በፋሻ አሰረችው። በቃሽ፣ ቤት እንሂድ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ የማሌን ጀርባ እያየች «ይቺ ልጅ ወደ ግራ ስትዞር ዘገም ትላለች» አለችኝ።

ገባሁ። ማለቂያው ላይ ሱዳኗ ኳሱን ወደ ኋላ ሰጠችኝ። በማሌ ግራ በኩል አለፍኩ፤ መስመሩ ሲቀርብ የእጅ ኳስ ግብ ላይ እንደምወረወር ተወርውሬ ኳሱን ከመስመሩ ወዲያ መሬት አስነካሁ። አራት ነጥብ ነው። ያም ሆኖ በሰፊው ተሸነፍን።

ሲያልቅ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ማሌ መጥታ እጄን ያዘች፤ ሁለቱም ቡድን ተደባልቆ ክብ ሠርቶ ተንበረከከና ቶንጋዎቹ በቋንቋቸው መዝሙር ጀመሩ። ዜማውን አውቀዋለሁ፤ አምቦ እሑድ እሑድ የምንዘምረው ነው። በኦሮምኛ አብሬ ዘመርኩ። ከኋላዬ ሁለተኛውን ድምፅ የያዘ ሰው ሰማሁ። ጫልቱ ናት፤ ጭቃው ላይ ከነነጭ ልብሷ ተንበርክካለች።

በማግሥቱ ወደ ቤት ደወልን። አባቴ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ጣቴ ነው። «እጠፊው። ዘርጊው። አላበጠም?» ሲረካ ስልኩን ለእናቴ ሰጠ።

«ሣሩ ላይ ስትወድቂ ማን አነሣሽ?» አለችኝ።

«የጣለችኝ ልጅ ናት ያነሣችኝ፣ እማዬ።»

«እንዲያ ከሆነ ደህና ሰዎች ናቸው። መቼ ነው የምትመጪው?»

«ከሥራ ፈቃድ ሲሰጡኝ።»

«ፈቃዱን የሚሰጥሽ ሰውዬ እዚያ አለ?»

«አለ።»

«በይ ስልኩን ስጪውና ላነጋግረው።»

እኔና ጫልቱ ሳቅን። ከዚያ በኩል ግን ሳቅ አልመጣም። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ሰውዬውን እየጠበቀች ነበር።