ድልድዩን ተሻግሮ የወደቀው ሰው

ቶኪታ በኪታኖሴ ከተማ አስተዳደር የስታቲስቲክስ ክፍል ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። በየዓመቱ የሚያሳፍረው አንድ ሰንጠረዥ ብቻ ነበር። ሰው ፊት ወድቀው ልባቸው ቀጥ ካለባቸው ሃያ ሰዎች ኪታኖሴ አንዱን ስታተርፍ፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው ኡሪኖ አምስቱን ታተርፋለች። አምቡላንሱ አንድ ዓይነት፣ ሆስፒታሉ የጋራ ነው፤ የሚጠጡት የሚሶ ሾርባ እንኳ ከአንድ ፋብሪካ ይመጣል።

በመጨረሻ ነገሩ ከንቲባውን ከነከናቸው። የክፍሉ ኃላፊ ኩሱኖኪ ቶኪታን አስጠርቶ፣ "ሂድና ምስጢራቸውን አምጣ" አለው።

ቶኪታ አርባ ሁለት ጥያቄዎች አዘጋጅቶ በአውቶቡስ ተሻገረ። የኡሪኖ እሳት አደጋ ጣቢያ ሹም ሰባተኛው ጥያቄ ላይ፣ ሕዝቡ በቀን ስንት ግራም ጨው እንደሚበላ ሲጠየቁ፣ ሰዓታቸውን አዩ።

"እኔ እንጃ፣ አቶ ቶኪታ። ሰው ሲወድቅ እንሄዳለን። ስንደርስ ሁልጊዜ አንድ ሰው ቀድሞን የወደቀውን ደረት እየተጫነ እናገኘዋለን። የጨዉን ነገር አላውቅም።"

ቶኪታ "ጨው፦ መረጃ የለም" ብሎ ጻፈ።

የመመለሻው አውቶቡስ አንድ ሰዓት ስለሚቀረው፣ ጊዜ ለመግደል ወደ ሰፈሩ መታጠቢያ ቤት ገባ። ከሙቁ ገንዳ ሲወጣ ግድግዳው ላይ የተሳለው የፉጂ ተራራ ዘንበል አለበት። ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገሩት ሌሎች ናቸው።

መግቢያው ላይ ተቀምጠው ወንዱንም ሴቱንም የሚያስተናግዱት የሰባ አራት ዓመቷ እመት ሱዬ፣ ራቁቱን እንደተዘረረ አገኙት። ወዲያው ድንገተኛ ጥሪ ደውለው ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

"ይተነፍሳል?" አለ ጥሪ ተቀባዩ።

"እንደ ዓሣ አልፎ አልፎ አፉን ይከፍታል። ይሄ መተንፈስ ከተባለ።"

"አይባልም፣ እማማ። ሁለት እጅዎን ደራርበው ደረቱ መሐል ላይ በደንብ ይጫኑት። እኔ እቆጥራለሁ።"

"አጥንቱ ቢሰበርስ?"

"ይሰበር። ይጠገናል።"

እሳቸው ሲደክማቸው ከሴቶቹ በኩል ፎጣ ያገለደሙ ሦስት ሴቶች መጥተው ተቀባበሉት። አንደኛዋ በተጫነች ቁጥር "ይቅርታ፣ ይቅርታ" ትለው ነበር። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅሰውን ሣጥን ይዞ ደረሰ። ሣጥኑ ውጭ፣ ከለስላሳ መሸጫው ማሽን አጠገብ፣ ያለ ቁልፍ ተሰቅሎ ይኖራል። ጥሪ ተቀባዩ ደረቱን አድርቁት ስላላቸው ያገኙትን ፎጣ ሁሉ አዋጡ። ሣጥኑም ሥራውን ሠራ።

ቶኪታ ዓይኑን ሲገልጥ አምስት ፊት አየ። "ፎጣ" አለ በደከመ ድምፅ።

"ፎጣ የለም" አሉት እመት ሱዬ። "አንተን ስናደርቅ አለቀ።"

በሳምንቱ ኩሱኖኪ የወይን ፍሬ ይዞ ሆስፒታል መጣ። ፊቱ ግን አልተፈታም።

"ምን ነበር እዚያ ባትወድቅ?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳላስበው ነው።"

"የተረፈ ሰው የሚቆጠረው በወደቀበት ከተማ ነው። ለእነሱ አንድ ሰው ጨመርክላቸው። አርባ ደቂቃ ብትታገስ የእኛ ነበርክ።"

ቶኪታ ከልቡ አፈረ። የቁጥር ሰው ነውና ግን ነገሩን ማስላት ጀመረ።

"የእኛ ሣጥን የት ነው ያለው?"

"ሁለተኛ ፎቅ፣ ካዝና ውስጥ። እንዳይሰረቅ ተቆልፎበታል።"

"ቁልፉስ?"

ኩሱኖኪ ትንሽ አሰበ። "አንተ ኪስ ውስጥ።"

"እኔ ወድቄ ቁልፉን ማንን ትጠይቃላችሁ?"

ኩሱኖኪ ለበሽተኛው ያመጣውን ወይን አንድ በአንድ ይበላ ጀመር።

ቶኪታ አርባ ሁለቱን ጥያቄዎች ጥሎ አንድ ገጽ ጻፈ፦ እመት ሱዬ የማን እንግዳ እንደሆንኩ አልጠየቁም፤ ስልኩን ያነሳው ሰው አምቡላንሱ እስኪደርስ አልዘጋም፤ ሣጥኑ ቁልፍ የለውም። ከንቲባው "ሰንጠረዥ ይጎድለዋል" ብለው መለሱት። ቶኪታ ሦስት ሰንጠረዥ ጨመረበት፤ ያኔ ተቀበሉት።

ከብዙ ስብሰባ በኋላ የኪታኖሴ ሣጥን ወጥቶ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ተሰቀለ። ኩሱኖኪ ግን ያለ መቆለፊያ እንቅልፍ ስለማይወስደው አስቆለፈበትና፣ ቁልፉን ከጎኑ በምስማር አንጠለጠለው። ቶኪታ ሁለት ሳምንት በዚያ ሲያልፍ አየው። በሦስተኛው፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ መቆለፊያውን ፈትቶ ወደ ቤቱ ወሰደው፤ የብረት ቆሻሻ በሚወጣበት ቀንም ከባዶ ጣሳዎቹ ጋር በር ላይ አወጣው።